ሦስት ግመሎች ከፎጣ ሥር

ፈረንጅ ለዋጋ መከታተያው ያወጣለትን ስም አንድ የሚኤሶ ሰው ቢሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለጭነት ነው ለእርድ?» ብሎ ይመስለኛል። ድረ ገጹ «ካሜልካሜልካሜል» ይባላል፤ ግመል ግመል ግመል። ሦስት ጊዜ መደጋገሙ ምናልባት አንዱ ሲደክመው ሌላው እንዲቀበለው ይሆናል። ግመል ግን አይሸጥበትም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ያለ፣ ማንም ሰው ሳንቲም ሳይከፍል የሚጠቀምበት፣ አማዞን ላይ የሚሸጡ ዕቃዎችን ዋጋ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ አገልግሎት ነው። የቡና መፍጫም ይሁን የጆሮ ማዳመጫ፣ የዕቃውን ሊንክ ገልብጠው ሲሰጡት ባለፉት ወራትና ዓመታት መቼ ስንት እንደነበረ በመስመር ስሎ ያሳያል። «እዚህ ዋጋ ላይ ሲወርድ ጥሩኝ» ብለው ኢሜይል ትተው ቢሄዱ ይጠራል። ኪፓ የሚባለው ሌላው ደግሞ ብሮውዘሩ ላይ ተለጥፎ ያንኑ መስመር ከዕቃው ሥር ይዘረጋል፤ ጠለቅ ያለውን መረጃ በክፍያ፣ መሠረታዊውን በነጻ። ጎግልም በበኩሉ የመረጡትን ዕቃ ዋጋ ይከታተላል። የግመሎቹን ድረ ገጽ አንድ የምዕራብ ሐረርጌዋ ጭሮ ነዋሪም ስልኩ ላይ ከፍቶ ማየት ይችላል። ችግሩ የሚገዛው ከአማዞን አለመሆኑ ነው።

ወደ ጭሮ ከመውረዴ በፊት የግመሎቹን ሥራ በትክክል መሰየም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታልና። ዋጋ አይቀንሱም። ሻጩን አይለምኑትም፣ አይከሱትም። ማስታወስ ብቻ ነው ሥራቸው። ማስታወስ ደግሞ ቀላል ነገር ይምሰል እንጂ የንግድን ግማሽ ጥበብ ዋጋ ያሳጣል፤ የንግድ ግማሹ ጥበብ ገዢው ይረሳል በሚል እምነት ላይ የቆመ ነውና። ፈረንጅ አገር በኅዳር ወር «ጥቁር ዓርብ» የሚሉት የቅናሽ ሰሞን አለ፤ ሰው ቴሌቪዥን ለመግዛት በር ላይ የሚያድርበት። ዊች የተባለው የእንግሊዝ የሸማቾች ድርጅት የዚያን ሰሞን ቅናሾች ከቀሪው ዓመት ዋጋ ጋር እያስተያየ በተለያዩ ዓመታት ሲያጣራ፣ አብዛኞቹ ዕቃዎች በሌላ ጊዜም በዚያው ዋጋ ወይም ከዚያ በታች ሲሸጡ የነበሩ ሆነው አግኝቷቸዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ነገሩ ሲበዛበት፣ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 ጀምሮ በሚሠራ ሕግ፣ «ቀነስኩ» የሚል ነጋዴ ቀነስኩበት የሚለው የቀድሞ ዋጋ ከቅናሹ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ውስጥ ዝቅተኛው መሆን አለበት አለ። ልብ በሉ፤ ሕጉ ነጋዴውን «አርክሰህ ሽጥ» አላለውም። ያለው «ያለፈውን ወር አትርሳ» ነው።

እኛ ዘንድ ዋጋ የሚመዘግብ የለም ማለት ሐሰት ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በመላ አገሪቱ 119 የገበያ ቦታዎችን መርጦ የችርቻሮ ዋጋ ሲሰበስብ ኖሯል፤ ከበርበሬ እስከ ፀጉር ቆራጭ። ያ ሁሉ ድካም ግን ወደ ሕዝብ ጆሮ የሚደርሰው «የዋጋ ግሽበቱ በመቶ ይህን ያህል ሆነ» የሚል አንድ ቁጥር ሆኖ ነው። ሰውየው ምን ያህል እንደተመታ ይነገረዋል፤ ነገ የትኛው ሱቅ ቢገባ እንደሚሻለው አይነገረውም። ሁለተኛው መዝጋቢያችን የበዓል ዋዜማ ዜና ነው። ጋዜጠኛው ማይክ ይዞ ከበረት ይገባል፣ የሐረር ሰንጋ ይህን ያህል ተጠራ፣ ዶሮ ይህን ያህል፣ እንቁላል ይህን ያህል ይላል፤ በዓሉ ሲያልፍ ማይኩም አብሮ ይሰበሰባል። ሰንጋው ከበዓሉ በኋላ ባለው ተራ ማክሰኞ ስንት እንደነበረ ማንም አይጠይቅም። የበሽተኛን ትኩሳት ሲነድ ብቻ እየለኩ የጤናውን ታሪክ መጻፍ ማለት ይኸው ነው። ሦስተኛው የበለጠ ያሳዝናል። በ1977ቱ ረሃብ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ በአሜሪካ መንግሥት የተመሠረተው ፌውስ ኔት የሚባለው የረሃብ ማስጠንቀቂያ መረብ በአርብቶ አደር አካባቢዎች አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል እንደሚገዛ ይከታተላል። ፍየሉ የሚያመጣው እህል በድንገት ሲያንስ፣ ሰው ሁሉ ከብቱን ገበያ አውጥቷል፣ ድርቁም ደጃፍ ደርሷል ማለት ነው። የዓለም አንዱ ትልቅ የዋጋ መከታተያ የተወለደው የጆሮ ማዳመጫ አሳድዶ ሳይሆን የእኛን አገር ማሽላ ተከትሎ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥ ግን ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ አለ፤ እሱም የጫት ገበያ ነው። (መቃሙን ላበረታታ አይደለም፤ ገበያውን ግን ማድነቅ ግድ ነው።) ጫት ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ተቆርጦ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ ሲመጣ ዋጋው ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ንጉሥ ነው፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ ቅጠሉ ሲጠወልግ ከቀድሞ ወዳጆቹ ሰላምታ የሚለምን የተሻረ ሹም ይሆናል። ይህን መስመር፣ በሰዓት ተሰፍሮ፣ ከገለምሶ እስከ ሂርና፣ ከበዴሳ እስከ ጭሮ የማያውቅ ሰው የለም። አወዳይ ዛሬ ስንት እንደዋለ፣ ትናንት ዝናብ ስለዘነበ ነገ ስንት እንደሚሆን፣ ኢሱዙው ስለዘገየ ማን እንደከሰረ ሁሉም ያውቃል። ኢሜይል የለም፣ ግራፍ የለም፣ ሦስት ግመል የለም። ይህ ዕውቀት ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። ቃሚው ከሌላው ሸማች ይልቅ ብልህ ሆኖ አይደለም፤ ብልህነቱ በሌላ ነገር ሲፈተን አይተናል። ምክንያቱ የገበያው አቀማመጥ ነው፦ ሻጮቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ዕቃው በየቀኑ ስለሚገዛ ትናንት የከፈሉት ገና አልተረሳም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫት እስከ ነገ አይቆይም፣ ስለዚህ ዋጋውን ደብቆ የሚጠብቅ ነጋዴ ሲመሽ የሚሰበስበው ጭራሮ ነው።

አሁን ከዚያው ሰው እጅ ላይ ስልኩን እንይ። ቴሌግራም ተከፍቷል። የሚያብረቀርቅ ጥቁር ዕቃ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ «ኦርጅናል ኤር ፍራየር ገባ! ባለ 5 ሊትር። ዘይት ቀረ፣ ኮሌስትሮል ቀረ፣ ጭስ ቀረ። ያለን ፍሬ ውስን ነው፤ ይፍጠኑ። ከከተማ ውጭ ላላችሁ በመኪና እንልካለን» ተብሎ ተጽፏል። አድራሻው አለ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር አለ፣ የሕንፃው ፎቅና የሱቁ ቁጥር አለ። ከዚያ በመጨረሻው መስመር «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። ዘይቱም ቀረ፣ ኮሌስትሮሉም ቀረ፣ ዋጋውም ከነዚሁ ጋር ቀረ። ከጫቱ ገበያ ጋር ቢያነጻጽሩት ሁሉም ነገር ተገልብጧል። ሻጮቹ ጎን ለጎን አልተቀመጡም፤ እያንዳንዱ በየቻናሉ በር ዘግቶ ነው ያለው። ዕቃው በዓመታት አንዴ የሚገዛ ስለሆነ ገዢው የድሮ ዋጋ ትዝታ የለውም። ኤር ፍራየር ደግሞ አይጠወልግም። ታዲያ ለዚህ ገበያ ግመል ብናመጣለት ምኑን ይመዘግባል? ካሜልካሜልካሜል አማዞንን ሊከታተል የቻለው አማዞን ዋጋውን ዓለም በሚያየው ግድግዳ ላይ ስለሚጽፍ ነው። ያልተጻፈውን የሚያነብ አፕ አልተሠራም። ክርክሬም ይኸው ነው፦ እኛ የጎደለን መከታተያ ሳይሆን የሚከታተሉት ዋጋ ነው፤ ስለዚህ ለእኛ የሚሆነው ነጻ መሣሪያ ዋጋን ከውስጥ መስመር ጎትቶ የሚያወጣ እንጂ ከወጣ በኋላ የሚስል አይደለም።

«የተደበቀ ዋጋ እኮ አዲስ አይደለም፤ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ልክም ነው። በምሥራቁ አገር የከብትና የግመል ገበያ ላይ ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተጨባብጠው፣ ጭብጡ ላይ ፎጣ ወይም ሽርጥ ጣል ተደርጎበት፣ ፊታቸው ሌላ ነገር የሚያስብ መስሎ ቆመው ሲታዩ ግመል እየተሸጠ ነው። አንድ ጣት መያዝ አንድ ነው፤ መቶ ይሁን ሺህ ይሁን እንስሳውን ያየ ሰው አያጣውም። አምስቱንም ጣት መጨበጥ አምስት ነው። ጣት ይያዛል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይጨበጣል፤ አፍ ግን ስለ ዝናብ ያወራል። ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ግመሉን ያያል፣ ፎጣውን ያያል፣ ዋጋውን አያይም። እንግዲህ «ውስጥ መስመር» ማለት የቴሌግራም ፎጣ ነው ብንል ማን ይከለክለናል? ደላላውም አለ፣ ጣትም አለ፤ ጣቱ አሁን ስክሪን ይነካካል እንጂ።

ነገር ግን ሁለቱን ፎጣዎች ከማመሳሰላችን በፊት ከሥራቸው ያለውን እጅ እንቁጠር። ከግመሉ ገበያ ፎጣ ሥር ሁለት እጅ አለ፣ ሁለቱም ያውቃል። ሻጩ ግመሉን ያሳደገ ነው፤ ገዢው በሕይወቱ ስንት ግመል ገዝቶ የሸጠ ነው፤ መሐል ያለው ደላላ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የተጨበጠውን ጣት ሁሉ በራሱ ይዞ የሚዞር፣ እግር ያለው ካሜልካሜልካሜል ነው። ፎጣው የሚጋርደው የውጭውን ተመልካች ብቻ ነው። ከቴሌግራሙ ፎጣ ሥር ግን የሚያውቅ እጅ አንድ ብቻ ነው። ሻጩ ትናንት ለአሥር ሰው ስንት ስንት እንዳለ ያውቃል፤ ገዢው የሰማው ለእሱ የተባለውን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ሻጩ መልስ ከመስጠቱ በፊት የገዢውን ፕሮፋይል ፎቶ ነካ አድርጎ ማየት ይችላል። ከኋላ ቪላ የሚታይበትን ፎቶ የለጠፈ ሰው የቪላውን ድርሻ ላለመክፈሉ ዋስትና የለውም፤ የአበባ ሥዕል ያደረገ ብልጥ ነው። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይሆንም ይባላል፤ በቴሌግራም ግን ግመሉንም ፎቶ አንስቶ ለጥፎ፣ ዋጋውን ብቻ አጎንብሶ ማሳለፍ ተችሏል።

በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በሱቁ ውስጥ በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍ ወይም ዕቃው ላይ እንዲያደርግ ደንግጓል። አዋጁ ሲጻፍ የታሰበው ግድግዳ የጭቃም የብሎኬትም ሊሆን ይችላል፤ ቻናልም ግድግዳ ነው ብሎ መከራከር ለጠበቃ አይከብድም። እኔ ግን ብዙ ተስፋዬን ሕግ ላይ አልጥልም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ ዝርዝሩ በየሱቁ ሲለጠፍ፣ ዋጋው በግልጽ ታየ፣ ስኳሩና ዘይቱ ግን ጠፋ፤ ከወራት በኋላም ጣሪያው ከአብዛኛው ዕቃ ላይ ተነሣ። ዋጋን ማሳየትና ዋጋን መወሰን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የምከራከረው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

ነጋዴው የሚያነሣው ተቃውሞ ደግሞ ቀላል አይደለም። «ብሩ ሳይቆም እኔ ዋጋ ለጥፌ እንዴት ልቁም?» ይላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያ ሰሞን ማለዳ የለጠፈውን ዋጋ ከሰዓት ቢሸጥበት ነጋዴው ዕቃውን መልሶ መተካት አይችልም። ይህ ነገር የፈረንጁንም መሣሪያ ያሰናክለዋል። በአሜሪካ ዘመድ በኩል፣ ወይም «ከሼን፣ ከአማዞን ኦርደር እናደርጋለን» በሚሉ ሰዎች በኩል የሚያስመጣ ሰው ግመሎቹን ጠብቆ የሁለት ዶላር ቅናሽ ቢያገኝ፣ እሱ ሲጠብቅ የሰነበተባቸው ሳምንታት በ«ሬት» በኩል አሥር እጥፉን ሊወስዱበት ይችላሉ፤ የኪሎ ማስጫኛው ገና ሳይነሣ። ስለዚህ ለነጋዴው ግማሽ መንገድ እሄድለታለሁ፤ ዋጋ ይለዋወጣል። ቀሪው ግማሽ ግን የእሱ ነው፤ የሚለዋወጥ ነገር ቀን ተጽፎበት ይለጠፋል እንጂ አይደበቅም። ባንኮች ከዶላር በላይ የሚለዋወጥ ነገር አይሸጡም፤ ግን ጠዋት ጠዋት ሬታቸውን ይለጥፋሉ። የባንኩን ሬት በየማለዳው እየተመለከተ የራሱን ዋጋ የሚደብቅ ሰው ዋጋ መታየቱ እንደሚጠቅም ከማንም በላይ ያውቃል።

ሌላው «ዋጋ ከተለጠፈ ክርክር ይሞታል፤ ክርክር ከሞተ ገበያ ምን ቀረው?» የሚለው ነው። ክርክርን ያልወደደ ሐረርጌን አያውቅም፤ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን የሚከራከረው የሚያውቅ ሰው ነው፤ የማያውቀው ይለምናል። የአገራችን ምርት ገበያ፣ ያ እነ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን ያቋቋሙት፣ ሥራ የጀመረው ግመሎቹ በተወለዱበት በዚያው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው። ገበሬው በ929 ደውሎ የዕለቱን የቡና ዋጋ እንዲሰማ ሲደረግ፣ ከሰብሳቢው ጋር መከራከሩን አልተወም፤ የክርክሩ መነሻ ግን ሰብሳቢው የነገረው ብቻ መሆኑ ቀረ። ከሩቅም ምስክር አለ። የሕንድ ኬራላ ዓሣ አጥማጆች እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የሞባይል ኔትወርክ ሲደርስላቸው፣ ገና ባሕር ላይ ሳሉ የየወደቡን ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ገዢ አጥቶ ይጣል የነበረው ዓሣ መጣሉ ቀረ፤ የአጥማጆቹ ትርፍ በ8 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ የሸማቹ ዋጋ ደግሞ በ4 በመቶ ገደማ ወረደ። ሁለቱም ወገን አተረፈ። የከሰረው አለማወቅ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለማንም ግብር አይከፍልም።

ሐቀኛ ለመሆን ግን የሚያሳፍረኝንም ምስክር መጥራት አለብኝ። የዴንማርክ የውድድር ባለሥልጣን በ1993 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀ ኮንክሪት የሚሸጡ ፋብሪካዎች በእውነት የተሸጡበትን ዋጋ እየሰበሰበ ማተም ጀመረ፤ ይህን ያዩ ገዢዎች ይጠቀማሉ ተብሎ። በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋው ከ15 እስከ 20 በመቶ ወደ ላይ ወጣ። ዝርዝሩን በጥንቃቄ ያነበቡት ሸማቾቹ ሳይሆኑ ፋብሪካዎቹ ነበሩ፤ ማን በድብቅ እንደሚቀንስ አዩና መቀነሱን ተዉት። ጭሮ ውስጥ ስልክ የሚሸጡ ጥቂት ሱቆች ቢኖሩና ሁሉም ዋጋቸውን ቢለጥፉ፣ ከሰዓት በኋላ ሻይ ላይ ተገናኝተው እንደማይስማሙ ማን ይምላል? መልሴ ይህ ነው፦ ኮንክሪት ርቆ ስለማይጓዝ የዴንማርኩ ገዢ ከአካባቢው ፋብሪካ መውጫ አልነበረውም። ስልክ ግን ይጓዛል። የጭሮ ሰው ከአዲስ አበባ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራቅ እንጂ ዕቃው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ በአንድ ቀን ይደርሰዋል፤ በሌላ በኩል ድሬዳዋ አለች፣ ታይዋን የሚባለው ሰፈሯና ቀፊራ ገበያዋ ገና ኢንተርኔት ሳይታሰብ ርካሽ ዕቃ ፈላጊን ሲጠሩ የኖሩ። (ቀፊራ የሚባል የኢንተርኔት መገበያያም ተከፍቶ ነበር፤ ስም አወጣጡ ላይ ግመሎቹን ይበልጣቸዋል።) ሻይ ላይ የሚስማሙ የአንድ ከተማ ሱቆች የሁለት ከተማ ዋጋ ከሚያውቅ ሸማች ጋር ሲገናኙ ሻያቸው ይቀዘቅዛል።

«ነጻ» የሚለው ቃልም ሊመረመር ይገባዋል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና። ግመሎቹ ሣር የሚበሉት ከአማዞን ነው፤ በእነሱ ሊንክ ሄዶ የሚገዛ ሰው ሲኖር ኮሚሽን ይከፈላቸዋል። ይህ በግልጽ የሚታወቅ ስለሆነ ነውር የለውም፤ ደላላም ከዚህ የተለየ አይበላም። ሃኒ የሚባለው ሌላው ነጻ መሣሪያ የቅናሽ ኮድ ይፈልግልሃል ተብሎ በሰፊው ተወዶ፣ ፔይፓል በ4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ነጻ ዕቃ አራት ቢሊዮን ሲያወጣ ማየት ብቻውን ሰውን ማንቃት ነበረበት። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ላይ አንድ ዩቲዩበር፣ ሃኒ ሌሎች ያመጡትን ገዢ በመጨረሻዋ ደቂቃ የራሱ አስመስሎ ኮሚሽናቸውን ይወስዳል ሲል ከሰሰው፤ ፍርድ ቤት የሄዱም ብዙ ናቸው። ሌላው የነጻ ነገር ጉድለት ባለቤት ማጣት ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የግመሎቹ ዲስኮች ተበላሽተው ድረ ገጹ ለቀናት ተዘግቶ ነበር። ግመል ሲንበረከክ እስኪነሣ መጠበቅ ነው።

ታዲያ ከውስጥ መስመር ዋጋ ጎትቶ የሚያወጣው ነጻ መሣሪያ የትኛው ነው? አብዛኛው ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። ቴሌግራም ቻናል ውስጥ የመፈለጊያዋን ምልክት ነክተው የዕቃውን ስም ቢጽፉ ሻጩ ራሱ የረሳቸው የድሮ ፖስቶች ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ሻጭ «ውስጥ መስመር» የሚለውን ዘዴ ከመማሩ በፊት ዋጋ ይጽፍ ነበርና ከነቀኑ ይገኛል። ፖስቱ ተነካክቶ ከሆነ የመታረሙ ምልክት ከሥሩ ይታያል። በውስጥ መስመር የተሰጠ ዋጋም ቀን አለው፤ ሆኖም ቴሌግራም አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ እንዲያጠፋ ስለሚፈቅድ፣ ስክሪንሾት ያላነሣ ሰው ፎጣው ሲነሣ ባዶ እጁን ያገኘዋል። የቴሌብርም መልእክት አለ፤ ከ127 የሚመጣው። ለማን፣ መቼ፣ ስንት እንደተከፈለ በትጋት ይመዘግባል፤ ለምን እንደተከፈለ ግን አይናገርም። ሚስጥር ጠባቂነቱ ለትዳር ሊበጅ ይችላል፤ ለዋጋ ጥናት አይበጅም። የከፈሉ ዕለት መልእክቱን «ኤር ፍራየር» የሚል ቃል ጨምሮ ወደ ራስ መላክ ይህን ጉድለት ይሞላዋል።

ይህ ሁሉ ግን የአንድ ሰው ትዝታ ነው፤ አንድ ሰው ደግሞ በዓመት አንድ ፍሪጅም አይገዛም። እዚህ ላይ ከፈረንጅ ምንም መበደር አያስፈልግም፤ ዕቁብ አለን። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ደብተር አለው፣ የማይቀርበት ቀን አለው። ገንዘብ የሚዋጣበትን ያንን ሥርዓት ዋጋ ቢያዋጡበት ምን ይጎዳል? የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ የውኃ ፓምፕ የሚፈልጉ የበዴሳ ገበሬዎች፣ ሠላሳ ሆነው እያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ የተጠየቀ ዋጋ ቢያመጡ፣ ዕቃው፣ ቀኑ፣ ሱቁ፣ ዋጋው፣ የመኪና ማስጫኛው፣ ጸሐፊው በጎግል ሺትም ይሁን በባለ መስመር ደብተር ቢያሰፍር፣ በዓመት ከሺህ አምስት መቶ በላይ መስመር ይኖራል። የገንዘብ ዕቁብ አንድ አደጋ አለው፤ ቀድሞ የደረሰው ይጠፋል። የዋጋ ዕቁብ ለሁሉም በየሳምንቱ ይደርሳል፤ ይዞ የጠፋም ቢኖር ያጎደለው የለም። «ሻጩ ራሱ ዕቁብተኛ ሆኖ ገብቶ የተጋነነ ዋጋ ቢዘራስ?» ይባላል። ይዘራል። ስለዚህ ዋጋ ያለ ስክሪንሾት አይቆጠርም ይባል፤ ያለ ብር ዕቁብ እንደማይጣል ሁሉ።

የቀረው «ሃምሳ ብር ለማትረፍ ሦስት ሰዓት?» የሚለው ነው፤ ይህን አልከራከረውም። ለሽንኩርት ግራፍ የሚስል ሰው ግራፉ ሳያልቅ ወጡ ያርርበታል። መከታተል የሚያዋጣው በዓመታት አንዴ ለሚገዛ፣ ዋጋው ከወር ደመወዝ ለሚፎካከር ዕቃ ነው፤ ለስልክ፣ ለፍሪጅ፣ ለሶላር፣ ለፓምፕ። ለእነዚህ የአንድ ሳምንት መታገሥ ለሻጩ ጭምር የሚገባ ነገር ነው፤ ሰንጋ የሚያደልብ የሐረርጌ ገበሬ በዓሉን ለወራት ሲጠብቅ ሰነፍ ያለው የለም።

ለነጋዴው የመጨረሻ ቃል ልተውለት፤ ይገባዋልና። ዋጋውን በትልቁ የሚጽፉ ቻናሎችም አሉ። ፎቶው ላይ በቀይ፣ ከሥሩ በጥቁር፣ ከነቀኑ፣ «ዋጋ 7,500 ብር፣ ቋሚ» ብለው ይጽፋሉ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ በውስጥ መስመር «ሰላም፣ ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ይመጣል። 7,500 ይባላል። «እሺ፤ የመጨረሻውስ?» ለዚህኛው ሦስት ቀርቶ ሠላሳ ግመልም ቢጫን የሚወጣ መፍትሔ አይታየኝም።